የማክሰኞው ስልክ

ሚስተር ክሊዮፈስ ያርቦሮ ተማሪዎችን በስልክ የሚያስጨንቀው ደመወዝ እየተከፈለው ነው።

የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጅ የሆነው ገለዓድ ለሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎቹ ያቋቋመው የሥራ ዝግጅት ክፍል በቤተ ሙከራው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ማሽን ጎን ነው ያለው። በብርዱ ወራት ይሞቃል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ሰው ተቀቅሎ ይወጣል። ያርቦሮ እዚያ ቁጭ ብሎ ከረባት ማሰር፣ ዓይን ዓይን እያዩ እጅ መጨበጥ፣ ስለ ራስ ሲናገሩ አለማፈር ያስተምራል። ይህን ማንም ያስተምራል። የእሱ ፈጠራ ስልኩ ነው። ተማሪው ባልጠረጠረበት ሰዓት፣ ምሳ እየበላ ወይም ከፍቅረኛው ጋር እየተጣላ ሳለ፣ ከማያውቀው ቁጥር ይደወልለታል። «ደህና ዋሉ፤ ብራድሊ ዊተከር እባላለሁ፤ የምደውለው ከኮነቲከት ነው። ጥቂት ደቂቃ ይኖርዎት ይሆን?» ይላል አንድ ነጭ ሰውዬ። ነጩ ሰውዬ ጥቁሩ ያርቦሮ ነው።

ድምፁን ያገኘው በወጣትነቱ የስልክ ኩባንያ ቅሬታ ተቀባይ ሳለ ነው። ደዋዩ መስመሩ ላይ ያለው ነጭ ከመሰለው አይሳደብም፤ ቢሳደብም በልክ ነው። ያርቦሮ ይህን ሲረዳ አፍንጫው ውስጥ አንድ ምቹ ቦታ ፈለገና ድምፁን እዚያ አስቀመጠው፤ ከኩባንያው እስኪወጣ ድረስም አላነሳውም። ኮሌጁ ሲቀጥረው ያንኑ ይዞ መጣ። በወረቀት ላይ ትምህርቱ «ሙያዊ አነጋገር» ይባላል። ተማሪዎቹ «የሥራ ድምፅ» ይሉታል። የቢሮው ጸሐፊ ሚስ ቨርዴል ሲምስ ግን ስም አላወጣችለትም፤ እሱ ዊተከርን መሆን ሲጀምር እሷ ሬዲዮኗን ከፍ ታደርጋለች።

ዘንድሮ ተማሪዎቹ ነቅተውበታል። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ «ዛሬ ማን ሆኖ ደወለልህ?» መባባል ተጀምሯል። አንዱ የቴክሳስ ሰው ሆኖ ነው ያናገረኝ ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ እኔ ጋ ቦስተን ነበር ትላለች። ሳይስቅ እስከ መጨረሻው የመለሰ አለፈ፤ የሳቀ እንደገና ይደወልለታል። ያርቦሮ በሚስቁት አይከፋም። ድንጋጤው ከወጣላቸው ግማሹ ሥራ አለቀ ባይ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ኪዮና ፒንክኒ የስኳር ድንች ኬክ በሳህን ይዛ ገባች።

ኪዮና የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት። እናቷ ከኪንግስትሪ ወዲያ ባለች መንደር ይኖራሉ፤ በየሳምንቱ ኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ይተኛሉ። ኪዮና ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያው አካባቢ ባለ የዶሮ ፋብሪካ ቆማ ክንፍ ስትቆርጥ ነው ያደገችው። በመከሩ ወቅት ከሰሜን፣ ከሚልዋኪ አካባቢ፣ የእጥበት ማሽን የሚሠራ አንድ ኩባንያ አንዲት ወጣት ልኮ ተማሪዎችን አነጋግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ ገለዓድን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ከተነጋገሩት ሁሉ የተረፈችው ኪዮና ብቻ ናት፤ ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ቀኑን በኢሜይል እንነግርሻለን ብለዋታል። ሌላ ቦታ ያመለከተችው ወይ እንቢ ተብሏል ወይ ዝም ተብሏል። ይህ ካልሆነ ወደ ዶሮዎቹ ነው።

«ይኸው የእርቅ ኬክ» አለችና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሚስተር ክሊዮ፣ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ እንደ ማክሰኞው አምሮብዎት አያውቅም።»

«የማክሰኞው?» አለ ያርቦሮ።

«ኧረ ባክዎ! አሁንም አላውቅም ሊሉኝ ነው? ሚስ ቨርዴል፣ ይህን ሰውዬ ይስሙልኝ።»

ሚስ ቨርዴል ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። «እኔ የዚህን ሰውዬ ቲያትር መከታተል ትቻለሁ፣ ልጄ። መግቢያውን መክፈል አልቻልኩም።»

ኪዮና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። ‹ሚስ ፒንክኒ? ዴሪክ ላሲተር እባላለሁ፤ ከሚልዋኪ ነው የምደውለው› አሉኝ። ስሙን ደግሞ ከየት አመጡት? ዊተከርስ ምን ሆነ፣ ሞተ?»

ያርቦሮ ወደ ኬኩ የዘረጋውን ሹካ መልሶ አስቀመጠ። ላሲተር የሚባለውን ያውቀዋል። ኩባንያው ወደ ገለዓድ ሰው እንዲልክ ያደረገው እሱ ነው፤ በመስከረም በስልክ ግማሽ ሰዓት ያህል አውርተዋል። ለተማሪ ግን ስሙን ነግሮ አያውቅም።

«ለአፍታ እውነት መሰለኝ፣ አልዋሽዎትም። ስለ መመረቂያ ሥራዬ ጠየቁኝ። ነገርኩዎት። መርፌው ከክንድ ሲንሸራተት ስለሚጮኸው መሣሪያዬ፣ እማማ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ መርፌው ወልቆ ደሟ ወለሉ ላይ እስኪጠራቀም ማንም እንዳላየ፣ ሁሉንም። በሥራ ድምፅ! አንዲት ስህተት የለኝም። እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት።»

«ምን ብዬ?»

«‹ህም› አሉ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እንዲህ፦ ህ-ም-ም። ከሆድ የወጣች። እኛ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ራትሌጅ ስብከቱ ሲጥማቸው ከፊት ወንበር ላይ ሆነው እንደሚሉት። ሚልዋኪ ያለ የትኛው ነጭ ነው እንደዚያ የሚለው?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያዝኩዎት። ‹ሚስተር ክሊዮ፣ ነጭነትዎ ላልቷል፣ ጠበቅ ያድርጉት› አልኩዎት። ቆይተው ኮስተር ብለው ‹ይቅርታ፣ አልገባኝም› አሉኝ። አልገባኝም! ሳቄ ከዚያ በኋላ መች ቆመ። ‹በሉ አሁን ያንን ድምፅ ከአፍንጫዎ ያውጡና ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ ከነጭ ጋር መዋል ያደክማል› ብዬ ዘጋሁብዎት።»

ሳቀች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያርቦሮም ሳቀ። ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ የለመደ ፊት አለው፤ ፊቱ ከእሱ ቀድሞ ሄደ።

«ያዝሽኝ» አለ።

ለምን እንዳለው ራሱም አያውቅም።

«ያዝኩዎት! በሉ ኬኩን ይብሉ። ኢሜይሉ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው» አለችና ወደ ቤተ ሙከራዋ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ስትወጣ ተሰማ።

ሚስ ቨርዴል ሬዲዮውን አጠፋች። በዚያ ቢሮ ሬዲዮ ሲጠፋ ሰው የሞተ ያህል ነው።

«ማክሰኞ ጥርስህን ስታስነቅል ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«በመኪናዬ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። ስትወጣ አፍህ ደንዝዞ ምራቅህን መሰብሰብ አቅቶህ ነበር። እንኳን ነጭ ሰው ጥቁር ሰውም መምሰል አልቻልክም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ ቨርዴል።»

«ታዲያ ‹ያዝሽኝ› ማለት ምን ማለት ነው?»

ያርቦሮ ተነስቶ ወደ ውስጠኛዋ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። በሩ ሞልቶ አይዘጋም፤ የማሞቂያው ሙቀት እንጨቱን አጣሞታል።

ወደ ላሲተር ደወለ፤ ቶሎ አነሳለት። ያርቦሮ ሳያስበው ድምፁን አፍንጫው ውስጥ ወዳለችው ቦታ መለሰ፤ ከነጭ ጋር ሲነጋገር ሌላ ድምፅ የለውም። «ሚስተር ላሲተር፣ ክሊዮፈስ ያርቦሮ ነኝ፣ ከገለዓድ ኮሌጅ። ስለ ማክሰኞ ነው የምደውለው» አለ። ከዚያ ስለ ስልኩ ልማድ፣ ስለ ዊተከር፣ ተማሪዎቹ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ተናገረ። ሲያወራ ነገሩ ራሱ እያስቀያመው መጣ። በቢሮው ውስጥ ብልሃት የነበረው ነገር በመስመሩ ላይ ሲነገር የሽማግሌ ቅብጠት ይመስላል።

«ክሊዮ ያለችው እርስዎን ነው እንግዲህ» አለ ላሲተር።

«እኔን ነው።»

«ለልጅቷ እኔ እርስዎን መሰልኳት። እርስዎ ደግሞ…» ላሲተር ቆመ። ከዚያ ድምፁ ወረደ፤ ከላይኛው ፎቅ ወደ ጓዳ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ ወረደ። «ወንድሜ፣ አንተም የእኛው ሰው ነህ?»

ያርቦሮ ተቀመጠ። «ነኝ» አለ፣ በራሱ ድምፅ።

«መስከረም ላይ ግማሽ ሰዓት አወራን እኮ!»

«አወራን።»

«ነጭ ነህ ብዬ ነበር። ለጥቁር ልጆች የሚጨነቅ አንድ ደግ ነጭ ሽማግሌ አገኘሁ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።»

«እኔም ስለ አንተ የነገርኳት አለች» አለ ያርቦሮ። ሚስ ቨርዴል ከበሩ ማዶ ወረቀት ማገላበጧን ስታቆም ሰማ።

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ሳቁ ሩቅ አልሄደም።

«ስማኝ፣ ሚስተር ያርቦሮ» አለ ላሲተር። «ማክሰኞ ብቻዬን አልነበርኩም። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። እንደናንተ ወዳሉ ኮሌጆች እንሂድ እያልኩ ስንት ዘመን ለምኜዋለሁ። ስለዚህች ልጅ ስነግረው ሰነበትኩ። ኢሜይሉን እንተወው፣ ሳትዘጋጅ ስማት አልኩት። የእኔ ሐሳብ ነው። እሷም ጀመረች። እንዴት አድርጋ እንደተናገረች ብነግርህ! ስለ እናቷ ደም ስትናገር ራሴን መያዝ አቃተኝ።»

«ህም አልክ።»

«ህም አልኩ። እዚህ መሥሪያ ቤት ስሠራ ያንን ያልኩበት ቀን የለም። ቤቴ ትቼው ነው የምወጣው። እናቴ ሥራ ቦታ ስትደውልልኝ ድምፄን ሰምታ ‹ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ› ብላ ትዘጋለች። ያቺ ልጅ ግን በአንድ ህም አወቀችኝ።»

ያርቦሮ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ስትዘጋው አለቃዬ ‹ምን ማለቷ ነው?› አለኝ። ማስረዳት ነበረብኝ። ነጭነት እንዴት እንደሚላላ ለነጭ ሰው አስረድተህ ታውቃለህ? በጨዋ ደንብ አዳመጠኝ። ሲያበቃ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? ‹ታዲያ ዴሪክ፣ ያንተ እውነተኛ ድምፅ የቱ ነው?› አለኝ። ክፋት የለውም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጆሮውን ያዘነብላል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ያርቦሮ። «የልጅቷ አይደለም፤ ያንተም አይደለም። አለቃህን እኔ ላናግረው። ካስፈለገ በራሴ ወጪ እመጣለሁ። እግሩ ላይ ውደቅ ካልከኝም እወድቃለሁ።»

«ቦታው ተሰጥቷል።»

«ለማን?»

«ለሌላ። አለቃዬ ልጅቷን አልሰደባትም። ‹ጎበዝ ናት፣ ግን አልበሰለችም› ነው ያለው። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ወደ ለመድናቸው ኮሌጆች እንመለስ አለ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት። ምን ልበለው?»

«ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ ላሲተር። ወዲያው ከወዲያ በኩል በር ሲንኳኳ፣ የሰው እግር ሲገባ ተሰማ፤ ድምፁም በዚያው ቅጽበት ወደ ፎቁ ተመልሶ ወጣ። «ስለደወሉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ያርቦሮ። መልካም ቀን ይሁንልዎት።»

ያርቦሮ ያን ቀን ለኪዮና አልነገራትም። ቤተ ሙከራ ነች፣ አታስቸግራት አለ ለራሱ። ማታ ቤቱ ሆኖ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም አለ። እዚህ ላይ ትክክል ነበር።

ዓርብ ለምሳ መመገቢያ አዳራሹ የተጠበሰ ዓሣ ያቀርባል። ዓርብ ዓሣ የማይበላ ወይ ታሟል ወይ ሃይማኖቱን ቀይሯል። ኪዮና የኮሌጁ የሰልፍ ባንድ ከበሮ መቺዎች በሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበረች፤ እነሱ ሹካም ይዘው ከመምታት አይመለሱም። ያርቦሮን ስታየው እጇን አውለበለበች። አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ካፖርት ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ያርቦሮ።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አዋጥተው ገዝተው ላኩልኝ። ሚልዋኪ በረዶው እስከ ወገብ ነው ብሏቸዋል አንዱ። ፓስተሩ ባለፈው እሑድ ከመድረክ ላይ ስሜን ጠርተው ‹ልጃችን ወደ ሰሜን ልትሄድ ነው› ብለው አስጨበጨቡ። እማማን ገና አልተቀጠርኩም ብላት ‹አንቺ ዝም በይ፣ እኛ እየጸለይን ነው› አለችኝ።»

«ኪዮና…»

«ገና አለ እኮ፣ አልጨረስኩም! እማማ የእጥበት ጣቢያዋ ያሉትን ነርስ ጠይቃለች። ወደዚያ መዛወር ይቻላል ብለዋታል። እኔ ማሽኑን የምሠራበት ከተማ ላይ እሷ ማሽኑ ላይ ትተኛለች። ‹ከተበላሸ ማንን እንደምቆጣ አውቃለሁ› ትለኛለች።»

ያርቦሮ ከዓሣው አንድ ቁራሽ አነሳና መልሶ አኖረው። ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ ምላሱን አላስቀምጥ ብሎታል።

የኪዮና ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አየችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ለከበሮ መቺዎቹ መዳፏን ከፍ አደረገች። ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ደህና ዋሉ፣ ኪዮና ፒንክኒ ነኝ» አለች። የሥራ ድምፅዋ ነው። ያርቦሮ ካስተማራቸው ሁሉ እንደ እሷ አስተካክሎ የያዘው የለም። «አዎን፣ በደንብ እየሰማሁዎት ነው። … አዎን። … እባክዎን ይቀጥሉ።» ረጅም ጊዜ አዳመጠች። «በጣም አመሰግናለሁ፤ በአሁኑ ጊዜ መኪና ስለሌለኝ የመኪና ዋስትና አያስፈልገኝም። መልካም ቀን ይሁንልዎት።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። «ሰው እኮ አይደለም!» አላት ዋናው ከበሮ መቺ፣ ትሬቮን የሚባል ቁመተ ረጅም። «ቴፕ ነው፣ የተቀዳ ማስታወቂያ! ከቴፕ ጋር ነው የተሰናበትሽው!»

«ቴፕ መሆኑን አውቄያለሁ» አለች ኪዮና፣ እሷም እየሳቀች። ወደ ያርቦሮ ዞረች። «ምናልባት እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ነው። እርስዎም ካልሆኑ እነሱ። ማክሰኞ አሹፌብዎት ከተኛሁ በኋላ ‹እውነት የሆነ ቀንስ?› ብዬ አሰብኩ። ከእንግዲህ ማንም ይሁን አክብሬ ነው የማነሳው።»

«ነይ እስቲ ውጭ» አለ ያርቦሮ።

«ዓሣዬ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ፣ ልጄ። ነይ።»

ውጭ ካፊያ ነበር። በአዳራሹ መግቢያ ደረጃ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ቆሙ። ያርቦሮ ነገራት። ዊተከርን ሲሆን የሚጠቀምባቸውን ለስላሳ ቃላት ሁሉ ፈልጎ አጣቸው፤ ደረቅ ደረቁን ነገራት። ማክሰኞ እንዳልደወለ። ላሲተር ላሲተር እንደነበረ። አለቃው እንደሰማ። ቦታው ለሌላ እንደተሰጠ።

ኪዮና ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች።

«ትናንት ‹ያዝሽኝ› አሉኝ እኮ» አለች።

«አዎን።»

«ለምን?»

«እየሳቅሽ ነበር» አለ ያርቦሮ። ሌላ ምክንያት ቢኖረው ይወድ ነበር።

«አንድ ቀን ሙሉ እየጠበቅኩ።» ራሷን ነቀነቀች። ስታለቅስ ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አላለቀሰችም። «ሰውየው ጥቁር ነው?»

«ነው።»

«አውቄ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ድምፁን እኮ ትክክል ነው የሰማሁት። ሰውየውን ብቻ ነው የሳትኩት።»

«የእኔ ጥፋት ነው። በስልክ ማሾፍን ያለማመድኳችሁ እኔ ነኝ።»

«አለቃው ፊት አዋረድኩት።»

«አንቺ አላወቅሽም።»

«አዋረድኩት ነው ያልኩዎት፤ አወቅኩ አላልኩም።» ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ልደውልለት።»

«ሥራው አልቆለታል፣ ልጄ። እኔ ለምኜዋለሁ።»

«ለሥራው አይደለም። ሰውየውን ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ማክሰኞ የደወለበት ቁጥር እዚህ አለ።» ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ። ቀና ብላ አየችው። «በየትኛው ነው የማናግረው?»

«ምኑን?»

«ድምፁን። በሥራ ድምፅ ብደውልለት አሁንም እያሾፍኩበት ይመስለዋል። በቤት ድምፅ ባናግረው ደግሞ፣ አለቃው አጠገቡ ካለስ? ስፒከር ላይ ከሆነስ?»

ያርቦሮ አፉን ከፈተ። ይህችን ጥያቄ እንዲመልስ ነው ደመወዝ የሚከፈለው። ምድር ቤት ውስጥ ወንበር ደርድሮ፣ መስታወት አቁሞ፣ ስንቱን ልጅ አስተካክሎ ልኳል፤ አንዱም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አፉን ዘጋው።

ኪዮና ጠበቀችው፤ ከዚያ መጠበቋን ተወችና ደረጃውን ወርዳ እንደ ሽበት ያለ ሐረግ ከቅርንጫፎቹ በተንጠለጠለበት ትልቅ ዛፍ ሥር ሄዳ ቆመች። ያርቦሮ የሚያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። የምትለው አይሰማም። አንድ ጊዜ እጇን አንስታ የሆነ ነገር ለማስረዳት ሞከረች፤ እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ብዙም አልቆየች። ተመልሳ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ ካፊያው ነጠብጣብ ሆኖ ተቀምጧል።

«አነሳው?»

«አነሳ።»

«ምን አለሽ?»

ኪዮና ቀጥ ብላ ቆመች። «‹ሚስ ፒንክኒ፣ ለመደወል ስለወሰዱት ጊዜ እጅግ አመሰግናለሁ። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። በወደፊት ጥረትዎ ሁሉ መልካሙን እመኝልዎታለሁ።›» አንዲትም ነገር አልጨመረችበትም፤ አላጋነነችም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቢኖር አንድ የሚልዋኪ ኩባንያ ኃላፊ ደረጃው ላይ የቆመ ይመስለው ነበር።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሰው አብሮት ነበር መሰለኝ። ወይም ማንም አልነበረም።» ስልኩን ኪሷ ከተተች። «እኔ እንጃ፣ ሚስተር ክሊዮ። እኔ እኮ መለየት እችላለሁ ብዬ ነበር።»

«ሰኞ ሌሎች ኩባንያዎች ጋ እደውላለሁ። የማውቃቸው አሉ።»

«እሺ» አለች። ለትልቅ ሰው እሺ ማለት ተምራ ያደገች ናት። «ካፖርቱ ይመለስ እንደሆነ ደረሰኙን መጠየቅ አለብኝ። እማማን ዛሬ አልነግራትም፤ ማሽኑ ላይ ናት፣ ደም ግፊቷ ይነሳል። ነገ።»

በሩን ገፍታ ገባች። ያርቦሮ እጀታውን እንደያዘ ውጭ ቀረ፤ እግሩ አብሯት አልሄደም። ከውስጥ ትሬቮን ከጠረጴዛው ጥግ ሲጮህ ሰማው።

«ማን ነበር? በመስኮት አይተንሻል፣ ስልክ ላይ ነበርሽ! ከሚልዋኪ ነው?»

«ከሚልዋኪ ነው» አለች ኪዮና፤ «ግን…»

ግኑን የሰማው ያርቦሮ ብቻ ነው። አዳራሹ ጮኸ። አንዱ ካፖርቱን ከነፕላስቲኩ አንስቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ከበሮ መቺዎቹ በሹካም በትሪም ጀመሩ፤ ከማዶ ያሉት ጠረጴዛዎች ተቀበሏቸው፤ ዓሣ የሚያወጡት ሴቶች ሳይቀሩ ከጠረጴዛቸው ኋላ ሆነው ያጨበጭባሉ። ኪዮና መሃል ላይ ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የምትለው ግን ለማንም አይደርስም። አንድ ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ ተወችው፤ እጆቿን ረጅሙ የካፖርት እጅጌ ውስጥ ሰብስባ ቆመች።

ያርቦሮ በሩን ከፍቶ ገባ። ከበሮውን ማስቆም የእሱ ፈንታ ነበር።